የጋሽ ደምሴ ፊት በነጭ ጨርቅ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 2። ጠዋት 3 ሰዓት

እንደገና ክር በላ። ማተሚያው። ጨርቁን ሰም የተቀባው ወረቀት ላይ በካውያ አጣብቄ፣ ዳር ዳሩን በመቀስ ከርክሜ፣ የሚገባበትን ጫፍ በፕላስተር አሽጌ ሰጠሁት። ግማሽ ላይ ደርሶ ቆመ። ከፍቼ ሳየው አንዲት ቀጭን ክር ጎማው ላይ ተጠምጥማለች። በወረንጦ ለቅሜ አወጣኋት። ጣቴ ሰማያዊ፣ ጥፍሬ ሥር ጥቁር፣ ቁርሴም ቀለም ቀለም አለኝ። ደብተሬ፣ ይህን ሥራ እጠላዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት፣ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር በአንዲት ክፍል ውስጥ የሰው ልደት ፎቶ ትራስ ልብስ ላይ ታትማለች።

ከሰዓት 9

ወ/ሮ አሰለፈች መጡ። ጥቁር በጥቁር፣ ረክሻውን፣ ባጃጁን ማለቴ ነው፣ ደጅ አስቁመው። የባላቸው የጋሽ ደምሴ አርባ እሑድ ግንቦት 14 ነው። ሠላሳ ነጭ ጨርቅ ይፈልጋሉ፣ ፎቶው ታትሞበት። ሴቶቹ ሁሉ ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ይይዙታል። ሥሩ ጽሑፍ ይኖረዋል። የሐበሻ ማኅበራችን ኮሚቴ ገና እየመከረበት ነው፤ «የእህቶቻችን መከታ» የሚለው ግን አይቀርም አሉ። በጽሑፍ ልጃቸው ረድኤት ትልክልኛለች።

መከታ። ምራቄ መረረኝ።

አንተ ስለማታውቀው ልንገርህ። ጋሽ ደምሴ ደላላ ነበር፤ እዚህ ሰምሳር ይሉታል። ሴት ልጆችን ከድንበር ተቀብሎ ለየሰዉ ቤት ሠራተኛ አድርጎ ያስገባል። ፓስፖርታቸውን «እንዳይጠፋባችሁ» ብሎ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፍበታል። የእህቴ የጽጌም እዚያው ነው፣ አራት ዓመቱ። እናታችን ደሴ ታማ ስትጣራ፣ ጽጌ ሄዳ ደጁ ላይ ተንበረከከች። ቡክራ አላት። ነገ ማለቱ ነው። በማግስቱም ቡክራ። እናታችን ተቀበረች፣ ሠልስቷ አለፈ፣ አርባዋ ወጣ። እኔ እንደሆንኩ በፖለቲካ የወጣሁ ነኝ፤ ብሄድም የምገባበት የታወቀ ነው። እሷ ግን መሄድ ትችል ነበር።

እሺ አልኩ። አዎ፣ እሺ አልኩ። የጽጌን ፓስፖርት ነገር ራሳቸው አነሱት፤ ከአርባው በኋላ ይፈለጋል ኢንሻላህ አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። እንደ አምናው ፊደል እንዳልነካካ። አምና የአንዱን ሰው «ሰርግ» በንጉሡ ሠ አስተካክዬ ስላተምኩ፣ አበላሸችብን ተብዬ በማኅበሩ ፊት ተወቅሻለሁ። ዘንድሮ እንደተላከልሽ፣ ነጥብ ሳትቀይሪ፣ አሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 3

ለጽጌ ነገርኳት። ሰማች። ዕቃውን አጥባ ጨረሰች፣ ያጠበችውን እንደገና አጠበች፣ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ካርቱም ሁለት ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ስለዚያ ሰው አንድ ቃል አውጥታ አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ነው የእሷ ነገር። እኔ ግን ሆዴ አይፈጅልኝም፤ ይኸው አንተ ላይ እደፋዋለሁ።

አርብ፣ ግንቦት 5። 4 ሰዓት

ረድኤት ፎቶውን በፍላሽ አመጣች። ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ዐረብኛዋ ውሃ ነው፤ አማርኛዋ ይሰናከላል። እሑድ እሑድ ቤ/ክ ግቢ ፊደል ከማስቆጥራቸው መካከል ትልቋ እሷ ናት። ከሕፃናት ጋር ተቀምጣ ሀሁ ስትል አታፍርም። እወዳታለሁ። አባቷ እሱ መሆኑ ያናድደኛል።

ፎቶውን አሰፋሁት። ኮምፒውተሩን ሞላው። የቆዳው ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ወ/ሮ አሰለፈች ከዓይኑ ሥር ያለው እብጠት ይጥፋ ስላሉ፣ በማውስ ከጉንጩ እስከ ዓይኑ እየደባበስኩ ሳጠራው ዋልኩ። የዚህን ሰውዬ ጉንጭ እየደባበስኩ! ሁለት ጊዜ ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ። አልነካሁትም እኮ፤ ማውስ ነው የነካሁት። ግን ታጠብኩ።

ለሙከራ አንድ አተምኩ። ቀዩ ቀለም አልቆ ነበርና ፊቱ አረንጓዴ ወጣ። ደስ አለኝ። ቀዳድጄ ጣልኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 6

ሀቡብ። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ቡናማ፣ አቧራው በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ፣ በጥርሴ መካከል። ማተሚያውን በአንሶላ ጠቀለልኩት። ከህረባም፣ መብራቱ፣ ጠፋ። ሥራ የለም። ተጋድሜ አሰብኩ፤ ያሰብኩትንም ወደድኩት።

የቀለም ማተሚያ ጨርቅ ላይ የሚያወጣው ነገር እንዲሁ ቢተዉት ውሃ አይችልም። ስለዚህ ጨርቁ አስቀድሞ በሸብ ውሃ ተነክሮ መድረቅ አለበት። ሸብ ያ ሴቶቹ ብብታቸው እንዳይሸት የሚያሹት ነጭ ድንጋይ ነው፤ የቅመም ሱቅ ሁሉ ይሸጠዋል። ፈጭቼ በሙቅ ውሃ አሟሟዋለሁ። ከታተመም በኋላ ኮምጣጤ ባለበት ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል። ያኔ ቀለሙ ይይዛል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ የጋሽ ደምሴን ጨርቅ ሸብ አላስነካውም። የአርባው እሑድ በዚህ ሙቀት፣ ቅዳሴው ሲረዝም፣ ላቡ ይወርዳል፤ የምታለቅስም ታለቅሳለች። ፊቱ በየደረታቸው ላይ ይፍሰስ። ዓይኑ ወደ አፉ ይውረድ። የማን ነበር ይበሉ።

ስስቅ ራሴን አገኘሁት። ሙት ወቃሽ ሆንኩ። ሰው ሲሞት ሁሉም ያመሰግነዋል፣ እኔ ቀለሙን ላጥብ አሰብኩ። ክፋት ነው? ይሁን።

እሑድ፣ ግንቦት 7። ከቀትር በኋላ

ከትምህርት በኋላ ረድኤት ሁሉም እስኪወጣ ቆየች። ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «መምህርት፣ የእትዬ ጽጌን ጀዋዝ አገኘሁት» አለችኝ፤ ፓስፖርቷን ነው። «ማማ አታውቅም። ማዕሌሽ፣ ይቅርታ።» ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ከረጢት ሙሉ እንዳለ፣ የሁሉንም ስም ማንበብ እንዳልቻለች፣ የጽጌን ግን ፊደሉን ቆጥራ እንዳገኘችው በተሰባበረ አማርኛ ነገረችኝ። እኔ ያስተማርኳት ፊደል ለዚህ ዋለ። ሳምኳት።

ረክሻ ውስጥ ከፈትኩት። ቀኑ አልፎበታል። ድፍን ዓመት።

የማይሠራ ወረቀት ቆልፎበት ኖረ! ያ ሁሉ ቡክራ ለዚህ ነው። ድልድዩ ጋ ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

ሁለት ቀን ደብቄው ቆየሁ። ዛሬ ጠዋት ሰጠኋት። ጽጌ ቀኑን አላየችም። ፎቶዋን ብቻ ነው ያየችው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ጉንጯ የሞላ፣ ፀጉሯን እናታችን የሠራቻት። ከዚያ ቀኑን አየች። ዘጋችውና ከፍራሹ ሥር ከተተችው። ሻይ ልጨምርልሽ አለችኝ።

ደብተሬ፣ አልቅሳ ቢሆን ለእኔ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10። 5 ሰዓት

ጽሑፉ መጣ። በረድኤት ስልክ፣ ከነጌጡ፣ መስቀልና አበባ ተደርጎበት። እንዳለ እገለብጥልሃለሁ፦

«ጋሽ ደምሴ፣ የእህቶቻችን መከራ። ሁሌም እናስታውስሃለን።»

አነበብኩት። መነጽሬን ጠረግሁ። አነበብኩት። መከታ አይደለም፤ መከራ ነው። ‹ታ› ልትል ‹ራ› ብላለች። ወይም ስልኳ የሚያውቀውን ቃል አቀብሏት ይሆናል፤ ስልክም ብዙ ጊዜ የሚጻፈውን ነው የሚያውቀው። ልጅቱ ልዩነቱን አታይም። ከሥሩ የወ/ሮ አሰለፈች የድምፅ መልእክት አለ፦ አደራ፣ እንደተላከልሽ፣ ነጥብ ሳትቀይሪ።

እጄ ሊያርም ተነሣ። ልማድ ነው። የሱቅ ማስታወቂያ በከሰል የማርም ሰው ነኝ፤ የመቃብር ድንጋይ ላይ ስሕተት አይቼ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ። ጣቴ ‹ራ› ላይ ደርሶ ቆመ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 11። ጠዋት

አልታተመም። አላረምኩም። ምንም አልሠራሁም።

የሚያስጠላኝ ሰው በዛ። እሱ፣ አንድ። የሚያመሰግኑት፣ ግማሾቹ እሱ ደጅ የተንበረከኩ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ውጠው መከታ ይሉታል። እኔም አለሁበት፤ ይኸው ስሙን ላሳምር ጨርቅ ቆርጫለሁ። ግን ስሕተቱን ብተወው የሚወቀሰው ማነው? ረድኤት። አባትሽን ሰደብሽ ይሏታል፣ በቁም ሳጥኑ ፊት ብቻዋን ቆማ የአንዲት ሴት ስም የቆጠረች ልጅ። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል እንደሚሉት ነው። ይህ አይሆንም።

ከሰዓት 10

ጽጌ ከሥራ ቀደም ብላ ገባች። ጽሑፉን ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋት። ቆማ አነበበች። ተቀምጣ አነበበች። ከዚያ ሳቀች። አራት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ፣ እናታችን እንጀራ ቤት ሆና የምትስቀው ዓይነት፣ በአፍንጫ። ቀጥሎ አለቀሰች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ለረጅም ጊዜ። ስለ ሰውየው የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፦ «እትዬ፣ ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?»

ስለ ሸቡ ነገርኳት፤ ፊቱ እንዲፈስ ሳላስነካው ልተወው እንደነበር። ጽጌ ራሷን ነቀነቀች። ፊቱ ከፈሰሰ ፊደሉም ይፈሳል አለችኝ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ስትመለስ ግማሽ ኪሎ ሸብና አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ ይዛ ነበር።

አርብ፣ ግንቦት 12። ጠዋት 1 ሰዓት

ሌሊቱን የተነከረው ሠላሳ ጨርቅ ሆሹ፣ ግቢው፣ ውስጥ ገመድ ላይ ደርቋል። ጽጌ እየተኮሰች ነው፣ ጥርሷ ይታያል። ሥራ ቀርታለች።

ለረድኤት መልእክት ጻፍኩላት። የላክሽው ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታለች፣ መከታ ብዬ አርሜ አትመዋለሁ፣ አታስቢ ብዬ። ወዲያው መለሰች፤ ሹክረን መምህርት፣ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው፣ ከነልብ ምልክቱ። ወጋኝ። አሁን ግን በእጇ ማስረጃ አላት። መከራ ያለችው ረድኤት አይደለችም፤ አርማለሁ ብላ ያላረመችው መምህርቷ ናት።

የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ማኅበሩ ያባርረኛል። የፊደል ትምህርቱንም ይወስዱብኛል፤ ፊደል የማትለይ ምን ታስተምራለች ይላሉ። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። በሕይወቴ አንዲት ፊደል አሳስቼ አላውቅም። አሳስታለች ይበሉኝ።

ቀይ ቀለሙን ሞልቻለሁ። ፊቱ ጥርት ብሎ ይውጣ፤ ማንነቱ ላይ ክርክር እንዳይኖር። ጽጌ የመጀመሪያውን ጨርቅ ሰጠችኝ፣ ትኩስ ነው፣ አንድም የተንጠለጠለ ክር የለውም። አስገባሁት። ተቀበለ። ግንባሩ ወጣ፣ ዓይኑ፣ አፉ። አሁን ወደ ጽሑፉ ደርሷል፤ መ፣ ከ፣ ራ።