ወጀቡን ቀድማ የምታውቀው ነጭ መኪና

ለወጀብና ሰደድ እሳት የሳተላይት ክትትል ማዕከል ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጅቡቲ ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ፣ በተለይም ነጯ መኪናዎ ደኅና ናቸው? መኪናዋን የጠየቅሁት ለወግ ብቻ አለመሆኑን ከታች ይረዱልኛል። እኛ የአርሂባ ሰፈር ሰዎች የፍራሻችን ሽታ አልለቅ ከማለቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

በአማርኛ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። በፈረንሳይኛ ሁለት ጊዜ፣ በዐረብኛ አንድ ጊዜ ጽፌ መልስ ስላጣሁ፣ ክቡርነትዎ እነዚህን ቋንቋዎች እንደማያነቡ ተረድቼ፣ አያቴ በባቡሩ ዘመን ይዘውት በመጡት ቋንቋ ዕድሌን ልሞክር ብዬ ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም የታሸገው እንደማይከፈት ሦስት ጊዜ ስላረጋገጥሁ ነው። አቤቱታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አምና በመስከረም ማዕከልዎን ለሕዝብ ክፍት ባደረጉበት ቀን ስለተደረገልን መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ሙንተሃ የተባለችው ወጣት ባለሙያዎ በትልቁ ሰሌዳ ፊት አቁማን፣ ሳተላይቱ በየሩብ ሰዓቱ ሥዕል እንደሚልክ፣ የደመናው አናት በቀዘቀዘ ቁጥር ቀይ ቀለሙ እንደሚበረታ፣ ከሶቆጥራ ደሴት ማዶ የተወለደ አውሎ ነፋስ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ሁለት ቀን ቀድሞ ዓይኑን አፍጥጦ እንደሚታይ በትዕግሥት አስረዳችን። ካያችሁት በኋላ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ብጠይቃት፣ በሩን በጎን አየት አድርጋ፣ ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን አለችኝ። ይህን የሚመለከተውን አካል ዓመቱን ሙሉ ስፈልገው ቆይቼ አሁን ያገኘሁት ይመስለኛል። አራት ጎማ አለው።

፪ኛ. አቡዘር የሚባል ከማዕከልዎ በር ላይ መኪና የሚያጥብ ጎረቤት አለኝ። አምና በኅዳር፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳሕን ጠርቶ ሳለ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ንቅንቅ ብላ የማታውቀው መኪናዎ በቀትር ወደ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከፍታ ወጥታ ሸራ ስትለብስ አይቶ፣ ሙሴው፣ እርስዎን ማለቱ ነው፣ ደግሞ ፀሐይ መፍራት ጀመሩ ብሎ ሲስቅ ዋለ። በማግስቱ ባሕሩ ባንድ በኩል፣ ዝናቡ በሌላው በኩል አርሂባ ገባ። እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም፤ ደብተር ብቻ እይዛለሁ።

በዚያው ሰሞን በማዕከሉ በር ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ከጎርፉ በፊት የነበረውን የእሑድ ቀን ይዞ አገኘሁት። ሰኞ ውሃው በሩን እስከ እጀታው ድረስ ሸፍኖት ነበር። ወረቀቱ ግን ከእጀታው በታች ተለጥፎ ሳለ አልተኮማተረም፣ ቀለሙም አልፈሰሰም። ወረቀቱን ከየት እንደሚያስመጡት ቢነግሩን ጣሪያችንን ልናለብሰው ስለምንሻ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ማዕከሉ ቀርፋፋ ነው የሚሉ ምላሰኞች አሉና እኔ ጠበቃዎ ሆኜ ስከራከር ከርሜአለሁ። ማስረጃዬ ሃያብለ ሰፈር የሚኖረው መካኒኩ ጫላቸው ነው። የአዲሱ ቆርቆሮ ጣሪያው ነጸብራቅ በሳተላይቱ ሥዕል ላይ የሰደድ እሳት መስሎ ቀይ ነጥብ ሲያበራ፣ ሁለት መኪና ሙሉ ባለሙያዎችዎ ሰዓት ሳይሞላ ደርሰው፣ ጣሪያው ላይ ወጥተው፣ እሳት አለመኖሩን አረጋግጠው፣ ቀለም ቀባው ብለው መክረውት ወርደዋል። የሌለ እሳት ላይ በዚህ ፍጥነት የሚደርስ መሥሪያ ቤት ያለ ውሃ ላይ አለመድረሱ መቼም ምሥጢር ይኖረዋል።

፬ኛ. ከኅዳሩ ወዲህ እኛም በአቅማችን የክትትል ማዕከል አቋቁመናል። መኪናዎ ስትንቀሳቀስ አቡዘር ይደውላል፤ ልብስ ሰፊዋ ውብነሽ ለቀረው ሰፈር ታዳርሳለች። የውብነሽ አባት አቶ መርሻ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። እግራቸው አልንቀሳቀስ ካለ ስድስት ዓመት ሆኗል። አልጋቸው በበሩ ስለማይወጣ፣ መዝጊያውን ነቅለን እሱ ላይ አስተኝተን ነው የምንሸከማቸው፤ አራት ሰውና አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጃል።

በጥር መኪናዎ ወጣች። ተደወለ። ፍራሹን፣ የስፌት መኪናውን፣ አቶ መርሻን ተሸክመን ዳገቱ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ስንጠብቅ፣ መኪናዎ አበባ ለብሳ፣ ጥሩምባ እየነፋች ባጠገባችን አለፈች። ለካስ የእኅትዎ ልጅ ሠርግ ኖሯል። እንኳን ደስ ያለዎ። መሣሪያችን ሠርግን ከአውሎ ነፋስ የመለየት ዐቅም የሌለው በመሆኑ ጥፋቱ የእኛ ነው።

፭ኛ. በግንቦት ደግሞ ወጣች፤ አቡዘርም ደወለ። ውብነሽ፣ አሁን ደግሞ ማንን ሊድሩ ነው ብላ ስፌቷን ቀጠለች። አቶ መርሻም፣ ልጄ፣ ለሰው ሠርግ ብላችሁ ሁለተኛ እንዳታንከራትቱኝ አሉ። ከቀትር በኋላ ውሃው ቤቱ ውስጥ ደረት ደረሰ። ልጅቱ አባቷን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አውጥታ፣ ብብታቸውን ደግፋ አምስት ሰዓት ቆመች፤ ዓሣ አጥማጁ ኒዛርና አቡዘር በጀልባ እስኪደርሱላት ድረስ። አቶ መርሻ በሕይወት አሉ። ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ግን የአልጋቸውን ጠርዝ ጭምቅ አድርገው ይይዛሉ።

ክቡር ሆይ፣ ሳተላይቱን ስጡን አላልንም። ሥዕሉ በታየ ዕለት አንድ ቅጂ በርዎ ላይ ይለጠፍልን፤ ወረቀቱ ተራ ወረቀት ቢሆንም አንቀየምም። ይህም ከበዛ ሁለት ሰዓት ብቻ ቀድመው ይንገሩን፦ አንዱ ሰዓት አቶ መርሻን ለመሸከም፣ ሌላው መዝጊያውን የሚነቅል ሰው ለመፈለግ። ይህም ከቢሮዎ ደንብ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ቢያንስ ወደ ሠርግ በሚሄዱበት ቀን መኪናዋ ከኒሙ ሥር ከመነሣቷ በፊት አበባውን ያስሩላት፤ እኛ ከዚያ አንብበን እንረዳለን።

ስላደረጉልን፣ በተለይም ስላላደረጉልን ሁሉ የማይነጥፍ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ በሚቆሙበት ሁሉ ደረቅ መሬት እንዳይለይዎ የምመኝ፣

ከባሕር ወለል በላይ አንድ ክንድ ከስንዝር ላይ የሚኖር ትሑት ጎረቤትዎ፣
ሩፋኤል ጸሐዬ
አርሂባ፣ ጥቅምት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ልለጥፍ ሙጫ ስቀባ አቡዘር ደወለ። መኪናዎ ሸራዋን ይዛ ወደ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወጥታለች፤ አበባ አልታየባትም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ወደ ማዕከሉ ሦስት ጊዜ ብደውል፣ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ። ስለዚህ መዝጊያውን ነቅለናል፣ አራታችንም ተገኝተናል፣ አቶ መርሻም በዚህኛው ጊዜ አልተከራከሩም። በአገሩ ሁሉ ከመኪናዎ አጠገብ የበለጠ አስተማማኝ ስፍራ አለመኖሩን በደብተሬ ስላረጋገጥሁ፣ እዚያው ጎኗ ልናሳርፋቸው እየመጣን ነው። ትንሽ ጠጋ ያድርጓት።