በሰማያዊ ቀለም የሸፈንኩት ቆርቆሮ

ይድረስ ለእህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው? እኔም ደህና ነኝ፣ እማዬም ደህና ናት ብዬ ልጀምር ነበር። ሁለቴ ጻፍኩት፣ ሁለቴ ቀደድኩት። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ይሄ ደህንነት ከተባለ ደህና ናት። እኔን ተይኝ።

ስትደውዪ ስልክ የማላነሳው ጠፍቶብኝ አይደለም። የምትጠይቂኝን አውቀዋለሁ፣ ድምፄ ያጋልጠኛል። ደብዳቤ ይሻላል፤ ቢያንስ አታቋርጪኝም። መቼም አንቺ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መታገስ አልፈጠረብሽም።

አባባ ሰኞ ጠዋት በጀልባዋ ወጥተዋል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ባለፈው ወር ጀልባዋን ወደቡ መግቢያ ላይ ድንጋይ መታትና ከስሯ አንድ ጣውላ ተሰነጠቀ። ስበን ወደ እኔ መጠገኛ አወጣናት። ስንጥቁን ግራሶ በጠጣ ጨርቅ ወተፍኩት፣ በላዩ ቆርቆሮ መታሁበት። ይሄ ውሃ እንዳይገባ ለጊዜው ነው እንጂ ጥገና አይባልም። ዳር ላይ ታስራ ብትቆም ዓመት ይይዛል፤ ማዕበል ሲያላጋት ግን ጣውላው ይላወሳል፣ ሚስማሩም ይላላል። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል፤ ቀይ ያለባት ጀልባ ከወደብ አትወጣም። ይህን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው። አንዴ መቀባት ረስቼ በሰው ፊት ያወረዱብኝን ስድብ እስካሁን አልረሳውም።

ያን ሰሞን ነው አንቺ የጻፍሽልኝ። አባባ አርጅተዋል፣ ጆሯቸውም ከድቷቸዋል፣ ባሕሩ ይብቃቸው አልሽ። ግን አትንገራቸው፣ ልባቸው ይሰበራል፤ ቀለም ቀብተህ አሳምርላቸውና ዳር ላይ እንደታሰረች ይቀመጡባት አልሽ። አንቺን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው፣ እውነቴን ነው። እኔም ለመንገር ወኔ አልነበረኝም። ጣውላውን ልቀይር ብዬ እንጨት እንኳን አልፈለግኩም። ለማትሄድ ጀልባ ማን ጣውላ ይቀይራል? ቀብቼው የነበረውን ቀይ በሰማያዊ ሸፈንኩት። አምሮባት ነበር፣ ምን ያደርጋል።

እሑድ አባባ ሊያዩዋት መጡ። ታውቂያቸው የለ፣ መዶሻ ይዘው ጣውላውን አንድ በአንድ ያንኳኳሉ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳው ድብ ይላል። የማንንም ሥራ አምነው አያውቁም፤ የኔንማ ጭራሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላዬ እየዞሩ ሲያንኳኩ ሠራተኞቹ «ተቆጣጣሪው መጣ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ያን ዕለትም መዶሻውን አነሱ። ሁለት ቦታ መቱ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ደግመው መቱ። ከዚያ መዶሻውን ለኔ አቀበሉኝ።

«አልሰማኝ አለ» አሉ። «ጨርሰሃል?»

ሦስት ዓሣ አጥማጆች አጠገባችን ቆመዋል። በነሱ ፊት ከእንግዲህ አይወጡም ልበላቸው? የአባባን ፊት ብታዪው አንቺም አትዪም ነበር።

«ጨርሻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ያንተ ጆሮ ይበቃኛል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ደስ አለኝ፣ እህቴ። ለሰው መናገር ያቃተኝ ይሄ ነው፤ ደስ አለኝ። ዛሬን ልተዋቸው፣ ነገ ብቻችንን ስንሆን እነግራቸዋለሁ ብዬ፣ ጀልባዋን ውሃ ላይ አውርደን ዳር ካሰርናት በኋላ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ስመጣ የታሰረችበት ቦታ ባዶ ነበር።

ወደቡ ሁለት ጀልባ ልኮ ማክሰኞንና ረቡዕን ሲፈልጉ ዋሉ። ዛሬ ነፋሱ በረታ፣ አንወጣም አሉ። እነሱም ልጅና ሚስት አላቸው፣ ምን እላቸዋለሁ። እኔ ዳር ለዳር እመላለሳለሁ፣ ሌላ የማደርገው ነገር የለኝም። የሰው ጀልባ እየጠገንኩ የምኖር ሰውዬ፣ የራሴ መቅዘፊያ እንኳን የለኝም።

ዛሬ ረፋድ ላይ አንዱ ዓሣ አጥማጅ ማዕበል ያወጣውን የጣውላ ስባሪ ይዞ መጣ። ሰማያዊ ነው፣ ቆርቆሮ አለበት። እማዬ አጠገቤ ነበረች። ገልብጬ አየሁት። እኔ ሚስማር ስመታ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ነው፤ እዚህ አካባቢ ሌላ እንደዚያ የሚመታ የለም። ሰውየው ነገሩ ገብቶት መሬት መሬት ያያል። እማዬ ግን እኔን ነበር የምታየው።

«የኛ አይደለም» አልኳት።

አመነችኝ። ተመስገን ብላ ገባችና የአባባን ልብስ ማጠብ ጀመረች። ሲመጡ የሚቀይሩት እንዳያጡ ነው ትላለች።

እህቴ፣ ነይ። ልጆቹን ለባለቤትሽ ተይና ብቻሽን ነይ። እማዬ ድንገት ምን አመጣሽ ካለችሽ ናፍቀሽኝ ነው በያት። ከዚያ በኋላ የሚባለውን እኔ ልነግራት አልችልም፤ ሞከርኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ መንገዱንም ያቅናልሽ። እማዬ የአባባን ወፍራም ሹራብ በአንድ በኩል ይዘህ ጠምዝዝልኝ እያለች እየጠራችኝ ነው። ልሂድላት።

ወንድምሽ