ነጭ ጠርዝ ያላት ሆስታ

ሐምሌ 12፣ ማክሰኞ። ካፊያ። እኔና የእናቴ የረጅም ጊዜ ጎረቤት እትዬ በለጡ።

እትዬ በለጡ ሐሙስ ከፒያሳ ይነሳሉ። ሆስታ ከምትባለው የሟች እናቴ የጌጥ ተክል ልጅ ልሰጣቸው ቃል ገብቼ ነበር። የእናት ተክሏ ቅጠል ነጭ ጠርዝ አለው፤ ከዘሯ ያበቀልኳት ግን ሙሉ አረንጓዴ ሆነች።

«ይቺ ደግሞ በማን ወጣች?» አሉ እየሳቁ።

ስኳር ከተጠቀለለበት የመጽሐፍ ቅዳጅ ያገኘሁትን ነገርኳቸው፦ ነጩ ጠርዝ በዘር አይተላለፍም፤ እናቲቱን ከነሥሯ መክፈል ያስፈልጋል።

«በዚህ ዝናብ? ብትበሰብስብሽስ? አረንጓዴዋ ትበቃኛለች፣ ልጄ።»

ከእናቴ የቀረችኝ ተክል ባለ ነጭ ጠርዟ ብቻ ናት።

ረቡዕ ጠዋት። ሥሯን በቢላዋ ለሁለት ከፈልኩ። እንዳይበሰብስ የተቆረጠው ላይ አመድ ነሰነስኩ። ትልቁን ግማሽ በወተት ጣሳ ተክዬ እትዬ በለጡ በር ላይ አስቀመጥኩ። አረንጓዴዋን ከቀረው ግማሽ ጎን ተከልኳት።