ሱባኤ ነው ያልኩት ሕመም

ለውድ ልጄ ለትሕትና አካለ ወልድ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የጀርመን ብርድ በረታብሽ ወይስ ለመድሽው? እናትሽም ከስታ እንደሆነ ጠይቅልኝ እያለች አጠገቤ ቆማለች። እኛ የኤልያስ አምላክ ይክበር ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልዘጋው ግን የምነግርሽ ነገር አለ።

የላክሽውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሰው አንጎል በመሣሪያ ፎቶ ይነሣል፤ ኮምፒውተሩ የታመሙትንም የጤነኞቹንም ፎቶ እያየ ይማራል፤ ከዚያ አዲስ ሰው ሲመጣ፣ አእምሮው ገና ሳይታወክ፣ ይኸኛው ያሰጋል ይላል ብለሻል። ይሳሳታልም ብለሻል፤ ይህን አለመደበቅሽን ወደድኩት። እኔ ሠላሳ ዓመት ቅኔ ሳስተምር የተማሪ ስሕተት አምልጦኝ አያውቅም ስል ኖሬ፣ የገዛ ልጄ አመለጠኝ።

ወንድምሽ ፍሥሐ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሆነውን አትረሺውም። ከጎጆው አልወጣም አለ፤ እህል ተወ፤ እንቅልፍ ተወ፤ ብቻውን ያወራ ጀመር። እኔ ሱባኤ ገብቷል አልኩ። ተማሪዎቼን በደጁ ስታልፉ ድምፅ አታሰሙ ብዬ አዘዝኩ፤ የሰፈሩ ሴቶች ጸልይልን እያሉ በሩን ተሳለሙ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አንቺ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሽ። አባዬ፣ ፍሥሐ ታሟል፣ ሐኪም ይየው ብለሽ ስታለቅሺ፣ ያንቺ ዓይን ይህን አያይም ብዬ ከቤት አስወጣሁሽ። ሰባት ወር እንዲሁ ቆየን። በእግር ብረት ጠበል የወሰድነውን ቀን አልጽፈውም።

አሁን ደግሞ ታናሽሽ የብርጓል። በፍልሰታ እህል መቅመስ ተወች፤ ጾም ነው አልን። ጾሙ ተፈታ፣ እሷ ግን አልበላ አለች። መስኮቱን በነጠላ ሸፈነች፤ መምህራኑ በእኔ ላይ ይንሾካሾካሉ ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። እናትሽ ልጄ ጸሎት አጥብቃ ነው አለች። እኔም፣ አያድርስ ነው፣ ያችው የድሮዋ ቃል ምላሴ ላይ መጣች። ይኼኔ ፍሥሐ፣ በቀን አሥር ቃል የማይወጣው ፍሥሐ፣ ከመደቡ ተነሥቶ፣ አባዬ፣ ይችን ልጅ ሱባኤ ገባች አይበሉ፤ እኔንም የጀመረኝ እንዲህ ነው አለኝ።

በማግሥቱ ማለዳ በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ወሰድናት። ሐኪሙ በፎቶ ሳይሆን በጥያቄ ነው ያዩዋት፤ ቀስ ብለው፣ ሳያስደነግጡ። ሕመሙ ይምጣ አይምጣ ገና አይለይም፣ ግን በጊዜ ደርሳችኋል፣ በየሁለት ሳምንቱ ትምጣ አሉን። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ሲባል ለጉንፋን ይመስለኝ ነበር። አሁን ፍሥሐ የራሱን መድኃኒት ሊያመጣ ሲሄድ አብሯት ይሄዳል። ከትናንት በስቲያ ግማሽ እንጀራ በልታለች።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ያንቺ ማሽን ታሰጋለች ያላትን ልጅ፣ አገሩ ሳታብድ አበደች ቢላትስ? የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ማን ያገባታል? ማሽኑን ስትሠሩ ምስጢር የሚጠበቅበትንም መላ አብራችሁ ሥሩ።

የፍሥሐን የአንጎል ፎቶ ለማሽኑ ትምህርት እናንሣው ወይ ያልሽውን ለእሱ ለራሱ ነገርኩት። እኔን አይቶ ይማር፣ ለሌላው ይድረስለት አለ። ስትመጪ አዲስ አበባ ድረስ እኔው ይዤው እወርዳለሁ።

ልጄ፣ አንቺ ያኔ ያለ ምንም መሣሪያ አይተሽው ነበር። ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ። ይህን አፌ አውጥቶ ሊነግርሽ ስላልቻለ በብዕር እለምንሻለሁ፤ ስለ ኤልያስ ብለሽ ይቅር በዪኝ።

እናትሽ ወለተ ሥላሴ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማለች። አጎትሽ እንዳላማው በርቺ ብሎሻል። ፍሥሐ ሰላም በልልኝ ከማለት ሌላ አልጨመረም፤ ስምሽን ሲጠራ ግን ፈገግ ብሏል። የብርጓል ደግሞ፣ ማሽኑ የሚታመመውን ብቻ ነው የሚያውቀው ወይስ የሚድነውንም ያውቃል፣ ብለው ይጠይቁልኝ ብላኛለች። መልሱን ቶሎ ጻፊላት።

አባትሽ መሪጌታ አካለ ወልድ
ደብረ ኤልያስ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.