አልማዝ ወሯ ገብቶ መብራቱ ሲጠፋ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬም ጠፋ። ከቦንጋ ስመለስ፣ አመሻሽ ላይ፣ ጉሙ ዳገቱን ሞልቶት። የፊት መብራቱ ሁለቱም በአንዴ ድርግም! ፍሬን ያዝኩ። ጎማው ከገደሉ ጫፍ... ተወው ደብተር፣ አልጽፈውም። ዳሽቦርዱን በቡጢ ስለው በራ። ይኸው ነው የእኔ ጥገና።

መኪናው የጋሽ ኃ/ማርያም ነው፣ የቡና ነጋዴው። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፤ ሹፌሩ እኔ ነኝ። መኪናው ጭቃ አይፈራም፤ የምፈራው እኔ ነኝ። ማታ ማታ እኔ ግቢ ያድራል። ጋሼ የፈቀዱት ለባለቤቴ ለአልማዝ ብለው ነው። ወሯ ገብቷል። የፊተኛውን ልጃችንን በኦፕራሲዮን ስለወለደች አሁንም ቦንጋ ሆስፒታል ካልሆነ አይሆንም ተብላለች። ከቢታ ገነት ቦንጋ ያለውን መንገድ ደግሞ አንተ አታውቀው። ምጥ ቀንና ማታ አይመርጥም። አምቡላንስ ከተገኘ እሰየው፤ ሌላ እናት ይዞ ከወጣ ግን ያለችን ይቺው መኪና ናት።

ቀድመሽ ቦንጋ ሂጂ፣ ሆስፒታሉ የእናቶች ማቆያ ውስጥ ሆነሽ ምጡን ጠብቂ አልኳት። አልሄድም። ለምን? አልሄድም። በቃ።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ቦንጋ። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ተካ ዘንድ። አምፖል ቀየረ። ደህናውን አምፖል! ፊውዝ አየ፣ የባትሪ ገመድ አጠበቀ፣ አብራ አለኝ። በራ። አጥፋ፣ አብራ። በራ። መኪናህ ጤነኛ ነው፣ አንተ ሂድና እንቅልፍህን ተኛ ብሎ ሳቀብኝ። የዚህ በሽታ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ይድናል።

ስመለስ አስፋልቱ እስኪያልቅ በራ። ኮረኮንቹ ላይ ስገባ ድርግም። ተካን ከነሳቁ ረገምኩት። ጌታ ሆይ ማረኝ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

አልማዝ ወገቧን ይዛ ተነሳች። የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ። ኧረ እንዲያው ነው አለች። መኪናው ሥር ስገባ ስወጣ ታየኛለች። አስተያየቷ ከመብራቱ ባሰብኝ።

ዛሬ በራሴ መንገድ ልይዘው ነው። ተካ የሚያየው መኪናው ቆሞ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ መብራቱን አብርቶ እያንዳንዱን ገመድ መነቅነቅ። እስኪጠፋ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ከኮፈኖው ሥር ያለውን ሁሉ ነቀነቅኩ። ፍንክች የለም። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በተሳፋሪው እግር በኩል፣ የመብራቱ ሪሌ፣ ኤሌክትሪኩን የምታቀብለው ትንሿ ሳጥን፣ የምትሰካበትን ሶኬት ነካ ሳደርገው ግን ድርግም! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ነቀልኩት። ጣቴ ተጣበቀ። ማር! ማርና ቁጫጭ። ቁጫጩ በመገናኛው ብረት መሃል ተጨፍልቆ ደርቋል።

የእትዬ ዘነበች ማር ነው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ቦንጋ ለምትማረው ልጃቸው በጀሪካን ይልካሉ፣ አደራ እያሉ። እዚህ አገር መልእክት እምቢ ያለ ሹፌር ሰው አይባልም። ቆጮ ጭኛለሁ፣ ቅቤ ጭኛለሁ፣ አንዴማ ዶሮ። ማር ደግሞ የክብር ዕቃ ነው፤ ከኋላ ከጆንያ ጋር አይወረወርም። እኔ ብልጡ ከጎኔ ነው የማስቀምጠው፣ እንዳይወድቅ ዳሽቦርዱ ሥር ውትፍ አድርጌ። አፉ የተደፈነው በእንሰት ቅጠል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ማሩ ወደ ላይ ይረጫል፤ ቁጫጩም ማሩን ተከትሎ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። ወይ ክብር!

በቤንዚን አጠብኩ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩ፣ አደረቅኩ። መኪናውን ቁልቁለቱ ላይ አስዘለልኩት። አልጠፋም። አልጠፋም!

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ደስታዬ ዕድሜው አጭር ነው። ትናንት አመሻሽ መብራቱ አንዴ ብቻ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። ወይስ ዓይኔ ነው? የሶኬቱ ብረት ተበልቷል መሰል። ለተካ ደወልኩ። ዛሬ አልሳቀም። አዲስ ሶኬት ከጅማ አስመጣለሁ አለ። መቼ? እግዜር ይወቅ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለአልማዝ ተሠርቷል አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"ማርያምን በል።"

ገና ከደጇ መምጣታችን ነው፤ እንዴት ብዬ ልማል?

ያኔ አለቀሰች። የሆዷን ሁሉ ዘረገፈችው። ማቆያ ብገባ በየምሽቱ ልታየኝ ትመጣለህ አለች፤ በዚያ ጉም፣ በዚያ መብራት፣ በዚያ ገደል። አውቅሃለሁ አለች። እዚህ ከሆንኩ ግን ቢያንስ ማታ ቤትህ ትገባለህ። እኔ ለእሷ ስሞት እሷ ለካ ለእኔ! ሞኝ ነሽ አልኳት። የማን ሚስት ሆኜ አለችኝ፣ እንባዋን እየጠረገች።

አንቺ ማቆያ ከገባሽ ከመሸ አልነዳም ብዬ ማልኩላት። ይህን አፌን ሞልቼ ማርያምን አልኩ። እሺ፣ እገባለሁ አለች።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ፀሐይ ወጥቷል። ልጃችንን የአልማዝ እናት ወስደውታል። አልማዝ እትዬ ዘነበችን እየተሰናበተች ነው፤ እኔ ከመሪው ኋላ ሆኜ እጽፋለሁ።

ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ወሰንኩ። እሷን ማቆያ አስገብቼ የመኪናውን ቁልፍ ቦንጋ መጋዘናቸው ላይ ለጋሽ ኃ/ማርያም አስረክባለሁ። የቡና ወቅት ነው፣ አይጠብቁኝም፤ ሌላ ሹፌር ይቀጥራሉ። ይቅጠሩ። እስክትወልድ ከአጠገቧ አልነቃነቅም።

ለእሷ ገና አልነገርኳትም። አድርሶኝ ይመለሳል ብላ ነው የምታስበው። መሐላዬንም አላመነችውም መሰል፤ አሁን ወንበሬን ሳስተካክል ከሥሩ የእጅ ባትሪ አገኘሁ፣ በነጠላዋ ቁራጭ ጠቅልላ ደብቃልኛለች።