በሣልስቱ የደነስሁት ዋልስ

ይድረስ ለእኅቴ ለወይዘሮ ቦሰና፣ ጅማ።

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ጠፍቶኝ አይደለም። እኛ በተማርንበት ዘመን ከሰላምታ በፊት ጉዳይዋን የጻፈች ተማሪ ወረቀቷ ተቀዶ እንደ አዲስ ትጽፍ ነበር። ዛሬ ግን ሰላምታዬን ከመቀበልሽ በፊት የማርመው ነገር አለ። እኔ ሀረገወይን የወንድማችንን የፈቃደን ሞት ተረድቼ፣ ሰርጉ አይቅር ብዬ፣ አዳራሽ መሐል አልደነስሁም። መደነሱን ደንሻለሁ፤ አልክድም። ሐሙስ ማረፉን፣ ዓርብ መቀበሩን፣ የደነስሁበት እሑድም ሣልስቱ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

አሁን እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ለቀስተኛ ስትቀበዪ መሬት ላይ እየተቀመጥሽ እንዳይብስብሽ እሰጋለሁ። እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ? ፈቃደን አምስት ዓመት ያስታመምሽ አንቺ ነሽና ቤቱ ምን ያህል ጭር እንዳለብሽ ይገባኛል። የእኔን ጤና ብትጠይቂ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ስልኬን ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁብሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ለልጄ ለበዕውቀቱ ደውላችሁ እናትህን መርዶ አርዳት አላችሁት። እርሱ ልጁን ሶሲን ሊድር ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ድግሱ ተደግሷል፤ የጥሪው ወረቀት ተበትኗል። መርዶው ከሰርጉ በኋላ ይሁን ብሎ ዘመዱን አስማማ። እስከዚህ ድረስ ወግ ነው፤ እኛም ለሌላ ሰው አድርገነዋል። አንቺ ስትጠይቂው ግን «ነግረናታል፣ ሰርጉ አይቅር ብላለች» አለሽ። አንቺው ራስሽ እንዳትደውዪልኝ ፈርቶ ነው። ይህ ወግ አይደለም፤ ውሸት ነው። ልጄ ስለሆነ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ቅዳሜ ፈቃደ ጋ ደወልሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በዕውቀቱ ጅማ ኔትወርክ የለም አለኝ፤ አመንሁት። የደወልሁት ሶሲ እኔ ከሙሽራዋ ከሔኖክ ጋር ዋልስ እንድደንስላት እንደለመነችኝ ልነግረው ነበር።

ዋልስ ብዬ ስጽፍ ምን እንደሚታይሽ አውቃለሁ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ አንቺ የእናታችን ሣጥን ላይ እግርሽን አንጠልጥለሽ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ትቆጥሪያለሽ። አዳሪ ትምህርት ቤት አስተማሪዬ ማዳም መጽሐፍ ራሴ ላይ አስቀምጣ፣ ቁርጭምጭሚቴን በማስመሪያ እየመታች ያስተማረችኝን እኔ ለፈቃደ አስተምረዋለሁ። መጀመሪያ ከወንበር ጋር ነበር ያለማመድሁት። ከእኔ ጋር ሲጀምር «ወንበሩ ይሻለኛል፣ አይቆጣም» አለ።

ከዚያ ቻቻቻ መጣ፤ ወገብ ተለቀቀ፣ እጅ ብቻ ቀረ። ትዊስት ሲመጣ እጅም ተለቀቀ። ሲጋራ በጫማ ማጥፋት እንጂ ዳንስ አይደለም ስለው ፈቃደ «እትዬ፣ ሰው ካልያዘሽ የምትወድቂ ይመስልሻል» ብሎ ሳቀብኝ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ቤት ዘግተን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን ስሎው ስንደንስ ሰው እንደገና ተያያዘ፤ ከፍርሃት የተነሣ ነበር። ቀበሌው ደግሞ ፈቃደን ኪነት ቡድን አስገብቶ የእንጨት ጠመንጃ አስይዞ አስጨፈረው። ያን ሰሞን ወንበሩ ናፈቀኝ ይለኝ ነበር። ከዚያ በካሴት የሚደነሰው ዲስኮ መጣ፤ ሁሉም ለየራሱ። ዘንድሮ ደግሞ የሶሲ ሚዜዎች በኮንዶሚኒየማችን ግቢ አሠልጣኝ ቀጥረው ወር ሙሉ ሲለማመዱ በረንዳ ላይ ሆኜ አየሁ። ስልክ መኪና ላይ አቁመው ሁሉም ፊቱን ወደ ስልኩ ያዞራል። ማንም ማንን አይነካም። ወርጄ፣ ልጆች፣ እርስ በርስ ተያዩ እንጂ ብላቸው አሠልጣኙ «ማዘር፣ ከካሜራው ዞር ይበሉልን» አለኝ።

እሑድ ተነሣሁ። ሔኖክ ቆጠራውን አያውቅም፤ እጁ ላብ በላብ ነው። እኔ ቆጠርሁለት። ስልኮች ተነሡ። በዞርሁ ቁጥር የሚያለቅስ ሰው አያለሁ። የበዕውቀቱ ሚስት ታለቅሳለች፤ የእድራችን ዳኛ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ቦሰናዬ፣ እኔ እኮ አሳምሬ ስለ ደነስሁ መስሎኝ ነበር። ጀርባዬን አቀናሁ። ሁለተኛ ዙር ጨመርሁ። ጎረቤቴ ሲቲ መጥታ ነጠላዬን ጎተተችና «በቃሽ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ቀናሽ እንዴ አልኋት። ፊቷን አዞረች።

ሰኞ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙት እነዚያው የትናንቶቹ ናቸው። አንድም ሰው ቃል ሳይናገር እንባው ለማን እንደነበረ ገባኝ።

ልጅሽ ኦልጅራ በስልኩ ያሳየሽን የዳንሴን ተንቀሳቃሽ ምስል እኔም አይቼዋለሁ። ከሥሩ «ወንድሟ ሳይቀዘቅዝ» ብለው የጻፉትንም አንብቤያለሁ። ሰማንያ ዓመቴ ነው፤ ስሕተቴን ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህ አይታረምም። የሚያስተዛዝኑኝ ሁሉ ስደንስ ያዩኝ ናቸውና በእነርሱ ፊት ማልቀስ አፈርሁ። ወንድሜን ገና አላለቀስሁትም። የማለቅሰው እርሱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው፤ ከአንቺ ሌላ ማንም አልቀረም።

አርባው የዛሬ ሳምንት ሰኞ ነው። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ የሲቲ ልጅ አብዱልከሪም ነው፤ የጅማን አውቶቡስ የሚነዳው። ሐሙስ ይመለሳል። ከወረቀቱ ጀርባ «ነዪ» ወይም «አትምጪ» ብለሽ ጻፊልኝ፤ ምክንያቱን አልጠይቅም።

ለባለቤትሽ ለአቶ ሚደቅሳ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወንድማችንን እንደ ወንድሙ ስላኖረው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለኦልጅራ፣ አልተቀየምሁትም በዪው። ምስሉን አያጥፋው። ድምፁን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ አፌን እዩት፤ እየቆጠርሁ ነው፤ ያ ያንቺ ቆጠራ ነው። ለፈቃደም ሰላም በዪልኝ ልል እጄ ለምዶበት ተነሥቶ ነበር።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው። ሳይነጋጋ ወርጄ ወረቀቱን በአብዱልከሪም እጅ አኖራለሁ። ከዚያ ሲቲን ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ከዚያ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጸሎት እንዲደረግለት የፈቃደን የክርስትና ስም ለካህኑ እሰጣለሁ። ስመለስ በዕውቀቱ እንደ ሰሞኑ ደጃፌ ላይ ይሆናል፤ ከሰርጉ ወዲህ በሬን አልከፈትሁለትም፣ ነገ እከፍትለታለሁ፤ አላናግረውም። ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ እንዲያወርድልኝ ብቻ ነው። አልጋዬ ላይ ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ፤ እስከ ሐሙስ ግን ምንም አልከትበትም።

እኅትሽ ሀረገወይን
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሰኞ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.