እማዬን ዝዋይ የወሰድንበት እሁድ

ዓርብ

እማዬ ለእሁድ የምታደርገውን ነጭ ጫማ እያጠበች ነው። ቢኒ ከሞተ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። እሷ አታውቅም።

ሹፌሩ ወንድሜ ከሞያሌ ሲመለስ ከሻሸመኔ ወዲያ መኪናው ተገለበጠ። የነገሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም። ቢሮዬ ድረስ መጥተው ኮሪደር ላይ ነገሩኝና "እንዳትጮሂ" አሉኝ። አልጮህኩም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሻርፔን ነከስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ተኳኩዬ ቤት ገባሁ። ውሸት እንዲህ እንደምችልበት አላውቅም ነበር።

የጋሽ ታደሰ ውሳኔ፤
– እማዬ እስከ ሰኞ ንጋት አትረዳም።
– ቀብሩ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት።
– እሁድ እማዬ ዝዋይ ትሄዳለች።

የመጨረሻውን ሁለቴ አስደገምኳቸው። ቢኒ በዚያ መንገድ ሲመላለስ ከዝዋይ ወደብ ዓሣ ሳያመጣላት አይገባም። እሷ ግን ሐይቁን አይታው አታውቅም። "እሁድ አሳይሻለሁ፣ ጀልባ ላይ አወጣሻለሁ" ብሏት ነበር። ጋሽ ታደሰ ይቺን ያዙ። "ልጇ ያቀደላትን ትሂድ። እዚህ ከዋለች ድንኳኑን ታያለች። አምና የእህቷን መርዶ ስትሰማ ልቧ ምን እንዳደረጋት አይተሻል። ሁለት ሰው አልቀብርም።"

"እኔስ? ወንድሜን አልቀብርም?"

"አንቺ ከቀረሽ ትጠረጥራለች።"

ልጃቸው ሄኖክ መኪና ይነዳል፣ እኔ እስቃለሁ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አሁንም አላውቅም።

ቅዳሜ

ስልክሽ ተበላሽቷል አልኳት። ሲም ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። "ቢኒ ቢደውልስ?" አለች። ለእኔ ደውሏል አልኩ፤ መኪናው ሞያሌ ተበላሽቶበት ቀርቷል፣ ሄኖክ ይውሰዳት ብሏል። "ጎማውን ቀይር ብዬው ነበር፤ መች ይሰማኛል!" አለች። ተናደደችበት። በሞተው ልጇ ላይ ግማሽ ሰዓት ተነጫነጨች።

ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ የቀረነው በጣት የምንቆጠር ነን፤ ያም ሆኖ ሁሉም ሰምቷል። አንዷ ያለ ነገሯ ዳቦ ይዛ መጣች። ሌላዋ እማዬን ስታይ ከበር ተመለሰች። በውሃ ቆጣሪ ምክንያት ስንት ዓመት ያኮረፈችን እትዬ አስካለ ደግሞ ጥምጥም ብላ ሳመቻት። እማዬ በሩን ስትዘጋ "ይቺ ሴትዮ ልትሞት ነው መሰለኝ፤ ስንብት ጀመረች" አለች። ሳቅኩ። ከልቤ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ማሰሮ ማጠብ ያዝኩ።

ለመንገድ የሚሆን ኬክ ልገዛ ፒያሳ ወጣሁ። ሻጯ "ምን ይጻፍበት?" አለችኝ። ምንም አልኳት።

እሁድ

ትናንት አስከሬኑ በመጣበት መንገድ ሄድን። ሄኖክ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እማዬ "ይሄ ልጅ ጥርሱን አሞታል እንዴ?" አለችኝ። አዎ አሞታል አልኩ።

ወደቡ ከአሮጌ ሳንቃ የተሠራ ነው። ጀልባዎቹ ተደርድረዋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለቅሶ ቤት እንደተቀመጡ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። እማዬ ሁሉንም በጣቷ እያሳየች "ይሄንንም ነግሮኛል፣ ይሄንንም ነግሮኛል" ትላለች።

ዓሣ እየበለተች ከምትሸጠው ሴትዮ ፊት ስትደርስ ደረቷን ነፍታ፣ "የቢኒ እናት ነኝ፤ የሹፌሩ" አለቻት።

ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሹፌሮቹ ነግረዋታል፣ ፊቷ ላይ አየሁት። ከእማዬ ጀርባ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩላት፤ እንዳትነግሪያት። አጎንብሳ ትልቁን ዓሣ መረጠች። "ይሄ ከእኔ ነው፣ እናቴ" አለችና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። እማዬ ወደ እኛ ዞራ "አያችሁ ልጄ እንዴት እንደሚወደድ!" አለች። በመንገዳችን የማናውቃትን ሴትዮ ሳይቀር ዋሾ አደረግናት።

እዚያው ወደቡ ላይ ጥብስ ዓሣ በልተን ጀልባ ላይ ስንወጣ መጀመሪያ ፈርታ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ። ከዚያ ውሃው ፊቷ ላይ ሲረጫት ሳቀች። አጨበጨበች። አባዬ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። "አንሺኝ፣ ለቢኒ አሳየዋለሁ" አለች። አነሳኋት። የስልኬ ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል። አፈሩን እየመለሱበት ነበር።

"እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም" አለችኝ። እንዲያ ስትለኝ ሳምኳት፤ ራሴን ጠላሁት።

ቤት እንደገባን ትልቁን ዓሣ ለይታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠች። የቢኒ ነው፣ ማንም እንዳይነካው አለች።

ሰኞ

አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። እኔ ለብሼ ነው ያደርኩት። ግን ቀደመችኝ። "ቢኒ ነው" ብላ በባዶ እግሯ ሮጠች።

በሩ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን ሁሉ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጋሽ ታደሰ አፋቸውን ሳይከፍቱ "መቼ?" አለች።

"ሐሙስ ማታ።"

ወደ እኔ ዞረች። ሌላ ማንንም አላየችም። "ሐሙስ" አለች። ከዚያ ጮኸች። ደረቷን ደቃች፣ ሴቶቹ እጇን ለመያዝ ታገሉ። መሀል ላይ ድንገት ጸጥ ብላ "ወደ እሱ ውሰዱኝ" አለች። ጋሽ ታደሰ መሬት መሬት እያዩ፣ "ትናንት ቀበርነው የሺ" አሉ።

ልቧ ምንም አልሆነም። ጋሽ ታደሰ ይዘውት የመጡት መድኃኒት ከኪሳቸው ሳይወጣ ቀረ። መቅበር ትችል ነበር።

ማክሰኞ

ሰልስት ነው። ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ውሃ ሳመጣላት ብርጭቆውን ከእትዬ አስካለ እጅ ካልሆነ አትቀበልም። ጋሽ ታደሰ አሥር ጊዜ "ለአንቺ ብለን ነው" አሏት። አንዴ ብቻ መለሰችላቸው።

"ዓሣ አበላችሁኝ።"

ዓሣው አሁንም ፍሪጅ ውስጥ ነው። ልጥለው አልቻልኩም።

ረቡዕ

ጠራችኝ! ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። "ስልክሽን አምጪ፤ ጀልባ ላይ ያነሳሽኝን ልየው" አለች። ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋት።

"ይሄ ስንት ሰዓት ነው?"

ልዋሻት እችል ነበር። ሦስት ቀን ዋሽቻት የለ?

"ዘጠኝ ከሩብ።"

"ቀብሩስ?"

"ዘጠኝ ሰዓት።"

ስልኩን መለሰችልኝ። "አሳጥቢው። በትልቁ።"

"ምን ያደርግልሻል እማዬ?"

"ከእሱ ፎቶ ጎን ይሰቀላል። ለቅሶ የሚደርሰኝ ሁሉ ይየው። ልጄ አፈር ሲለብስ እኔ ምን እያደረግኩ እንደነበር ይየው። ታደሰም በመጣ ቁጥር ፊት ለፊቱ ይቀመጣል።"

እግሯ ላይ ወደቅኩ። ይቅር በይኝ፣ ሌላ የፈለግሽውን ቅጪኝ፣ ይሄን ብቻ ተይው አልኳት። ቀሚሷን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ማን አነሳሽ ካሉኝ ሜሮን እላቸዋለሁ። ልጄ ናት እላቸዋለሁ።"

ከሰዓት ፒያሳ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ሰውየው በኮምፒውተሩ ከፍቶ ሲያየው እሱም ፈገግ አለ። "እናትሽ ናቸው? ሳቃቸው ደስ ሲል! ትንሽ ላብራው?" አለኝ። እንዳለ ይሁን አልኩት። ነገ አሥር ሰዓት ይደርሳል አለኝ። ቤት ሚስማር የለም፤ ስመለስ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ገዛሁ።